የሦስተኛው ምስክር አስተያየት

ባለፈው ሳምንት ስቪለንን የተውኩት ወንዙ ዳር ነበር፤ እጁ በእኔ ጓንት ውስጥ እንዳለ። ያን ያነበባችሁ ደስታዬን አይታችሁልኛል። ያላነበባችሁም ብዙ አልቀረባችሁ፤ የደስታ ወሬ የትም አገር አንድ ነው። ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር ግን ነበር። ያን ሰኞ እየሳቅን ሳለ «የአያቴ የፕሪም ዛፎች ላይ ማን እንደሆነ እንጃ ቀይ ቀለም ቀብቶባቸዋል» አልኩት። ሳቁ ቆመ። እጁን ከጓንቴ ውስጥ ቀስ አድርጎ አወጣው። ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት።

እኔ ዶብሪና ነኝ። ዳኑብ ወንዝ ዳር፣ ወጣቶቿ ወደ ስፔን በሚሄዱባት፣ በምላሹ ጭጋግ ብቻ በሚመጣባት ትንሽ ከተማችን የንባብ ቤቱ ኃላፊ፣ ጽዳት ሠራተኛና ምድጃ አንዳጅ ነኝ። ከአሥረኛ ክፍል የወጣሁት አባቴ ብርቱካን ሊለቅም ስፔን የሄደና እናቴ በልቧ የታመመች ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ መደርደሪያው ነው። ከበሩ በኩል ካለው ጀምሬ አሁን አሥራ አራተኛው ላይ ደርሻለሁ። «ዲግሪ እኮ የለሽም» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፦ «አንተ ደግሞ የንባብ ካርድ የለህም።»

ስቪለን ዲግሪም ካርድም አለው። የጠበቃ ቫርባን ልጅ ነው፤ ራሱም ጠበቃ። የእነሱ ቤት ኮረብታው ላይ፣ በሩን ሁለት የድንጋይ አንበሳ ይጠብቁታል። የእኛ ቤት ወንዙ አፋፍ ላይ ነው፤ በየጸደዩ ውኃው ሳያንኳኳ ይገባል።

የንባብ ቤታችን ሕግ አንድ ነው። መጽሐፍ የመለሰ ሰው ከጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይ አስተያየቱን ሳይጽፍ ሌላ አይዋስም። የማንም እጅ እንዳይለይ እንደ ማተሚያ በተነጣጠለ በለቀማ ፊደል ይጻፋል፣ ስም አይጻፍም፤ የካርድ ቁጥር ብቻ። ከእኔ በፊት የነበሩት አሮጊት ያወጡት ነው፤ ሰው ስሙ ከሌለበት እውነት ይናገራል ይሉ ነበር። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አንድ ልቦለድ ጀርባ ላይ «ጀግናዋ ትዕቢተኛ ናት» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ «ጀርባ አቅንቶ መሄድ ትዕቢት ከሆነ፣ አንተም እስቲ ሞክረው» ብዬ መለስኩ። በሃያ ሦስት መጽሐፍ ጀርባ ተጣላን። በሃያ አራተኛው ተዋደድን። እስከዛሬ ግን በስሙ የተፈረመ አንዲት ደብዳቤ ጽፎልኝ አያውቅም። ሁልጊዜ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። እኔም ቁጥሯን ወደድኳት።

ረቡዕ ዕለት ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ «የርስት ጥማት» የሚባለውን ወፍራም የወንጀል ልቦለድ ገለበጥኩ። በዚህ መከር ከተማው ሁሉ የሚያነበው እሱን ነው። እሑድ አንባቢዎች ተሰብስበው አስተያየት ስለሚሰጡበት የተጻፈውን አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ። ታሪኩ ሌላ አይደለም። በእኛ አገር አንድ ሰው መሬት ይዞ አሥር ዓመት ከቆየ፣ ሦስት ምስክሮች ውል አዋዋይ ፊት ቀርበው «የእሱ ነው፣ እናውቃለን» ካሉለት ባለ ወረቀት ይሆናል። የልቦለዱ ጠበቃ በሦስት የሐሰት ምስክር የአንዲት መበለት መሬት ያስነጥቅና መጨረሻ ላይ ከደረጃ ወድቆ ይሞታል።

ቁጥር ስልሳ አራት፦ «እንዲህ ያለ መልከ መልካም ሰው ምን አሰረቀው? አግብቶ አርፎ አይቀመጥም?» ልብስ ሰፊዋ እትዬ ስቶይና ናቸው።

ቁጥር ዘጠኝ፦ «ሌባውን ገጽ አሥራ ሁለት ላይ አውቄዋለሁ። መድኃኒት ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

ቁጥር መቶ ሠላሳ፦ «በሦስት መቶ ገጽ ውስጥ አንድም ሰው ምሳ አልበላም። የማይበላ ስግብግብ አይቼ አላውቅም።»

እየሳቅሁ ወደ ታች ወረድኩ። ከሁሉ በታች፣ ትናንት እኔ ዳቦ ልገዛ ስወጣ መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ የሄደው ሰው የጻፈው ላይ ደረስኩ።

«ደራሲው ስግብግብነትን አያውቀውም። ስግብግብ ሰው አይጮኽም፤ ወንበር ስቦ ያስቀምጥሃል። ምስክሮቹም በገንዘብ አይገዙም። አንደኛው ፈርቶ ይፈርማል። ሁለተኛዋ የምታድርበትን ጣሪያ ላለማጣት ትፈርማለች። ሦስተኛው ሳያነብ፣ ቆሞ፣ እየቸኮለ ይፈርማል። መሬቱም የመበለት አይሆንም፤ ባለቤቱ ሩቅ አገር ያለ መሬት ነው። ከሁሉ በፊት ዛፎቹ ይቆረጣሉ። ለጉቶ ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።»

የአያቴ ፕሪሞች ሠላሳ አንድ ናቸው፤ መሬቱን የወረሰው ስፔን ያለው አባቴ ነው። በእያንዳንዳቸው ላይ ቀይ መስቀል። ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ እግሬ በረዶ ሆነ።

*

ሐሙስ ጠዋት ስቪለንን ጀልባ መሳፈሪያው ላይ አገኘሁት። ትኬት መቁረጫው በር ላይ የጀልበኛው የጋሽ ፀኮ የስድስት ወር መታሰቢያ ወረቀት አዲስ ተለጥፏል። ፎቶው ውስጥ ጋሽ ፀኮ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈት አድርገዋል።

«አስተያየትህን አነበብኩት» አልኩ።

«ስንቴ?»

«አንዴ ይበቃኛል። ማንበብ ዲግሪ አይጠይቅም።»

«ሦስቴ አንብቢው፣ ዶብሪና።»

«ዛፎቼን የቀባው ማነው?»

ፊቱን ከእኔ አዞረና የሞቱትን ሰውዬ ፎቶ ያይ ጀመር። የአሸዋ ነጋዴ እንደሆነ ነገረኝ፤ ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ የመጣ፣ የወንዙን ጠርዝ ቆፍሮ አሸዋ የሚያወጣ። ጠበቃው ማን እንደሆነ አልነገረኝም። መጠየቅም አላስፈለገኝም፤ በከተማው ያለው ትልቅ ጠበቃ አንድ ነው።

«ታውቅ ነበር?»

«አሁን አውቃለሁ።»

«አውቀህ ደግሞ ልቦለድ ጀርባ ላይ ጻፍክልኝ። እኔ ጥርሴን እያሳየሁ አብሬህ ስዞር፣ እናንተ እራት ላይ የአያቴን ፕሪም ትቆራረሱ ነበር። ቆንጆ ቤተሰብ ናችሁ። አንበሶቻችሁ በድንጋይ መሠራታቸው ትክክል ነው።»

«እንደዚያ አይደለም። እባክሽ ይሄን አንብቢው።» ከኮቱ ውስጥ የታሸገ ፖስታ አወጣ። ፖስታው ላይ ስሜ በለቀማ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ወደ እኔ ዘረጋው። ስሜን ማየቴ ትዝ ይለኛል። ያየሁትን አላየሁም ብዬ ተናገርኩ፦

«ከእናንተ ቤት የሚወጣ ወረቀት መሬት ይበላል። አልቀበልም።»

ፖስታውን መልሼ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። ሄድኩ፣ ጀርባዬን አቅንቼ። ይጠራኛል ብዬ እርምጃዬን ሁለት ጊዜ አዘገየሁ። የተከተለኝ ጭጋጉ ብቻ ነው።

*

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አቶ ቫርባን መጡ። ወደ ንባብ ቤቱ ሲገቡ በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ጣሪያውን አዩ፣ መደርደሪያውን አዩ፣ ከዚያ የራሴን ወንበር ከራሴ ጠረጴዛ ሥር ስበው አወጡልኝ።

«ቁጭ በይ እንጂ የኔ ልጅ። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ።»

አስተያየቱ ላይ የተጻፈው ወንበር ትዝ አለኝ። ተቀመጥኩ። 

«እናትሽ እንዴት ናት? ልቧ?»

«ይመታል።»

ፈገግ አሉ። «አባትሽ ለገና ይመጣል አሉ።»

«ይመጣል።»

«ሩቅ መንገድ ነው። እስከዚያ ስንት ነገር ይለወጣል። ጣሪያችሁም ያፈሳል መሰለኝ።»

«የሚያፈሰው ልቦለዶቹ ላይ ነው። የሕግ መጻሕፍቱ ደረቅ ናቸው፤ የሚነካቸው የለም።»

«አስጠግንላችኋለሁ።» ድምፃቸው እንደ ሐኪም ድምፅ ለስላሳ ነው። «የመጣሁት ያን ሁሉ ሰው የሚያወራለትን መጽሐፍ ልዋስ ነው። አንድ ደግ ሰው፣ ጀርባው ላይ ደስ የሚል አስተያየት ተጽፏል አለኝ።»

«ወረፋ አለው። አርባ ሰው።»

«እሑድ የሚናገር ሰው ከወረፋ ቀድሞ ይወስዳል አይደል? ሕጋችሁን አውቃለሁ። እሑድ እናገራለሁ።»

እውነታቸውን ነበር። ሕጉ ያ ነው።

«ካርድ አለዎት?»

ጫፉ የተበላ ቢጫ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

«የአባቴ ነበር፣ ከዚያ የኔ፣ አሁን ልጄ ይዞት ይዞራል። በዱሮው ሥርዓት ካርድ የሚሰጠው ለሰው አልነበረም፤ ለቤት ነው። አሮጊቷ አልነገሩሽም?» ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ያቺን ‹ጀግናዋ ትዕቢተኛ ናት› የምትለዋን ታስታውሺያታለሽ? የኔ ናት። መልስሽ ግን በጣም ነው ያሳቀኝ።»

ሁለት ዓመት። ሃያ አራት መጽሐፍ። ሌሊት ትራሴ ሥር እንዳለ ደብዳቤ ያቀፍኳት ቁጥር የሁለት ሰው ነበረች። የትኛው ቃል የማን እንደሆነ ከእንግዲህ በምን አውቃለሁ?

መጽሐፉን ሰጠኋቸው። ትጠይቁኛላችሁ፣ አውቃለሁ፤ ለምን አልደበቅሽውም፣ ለምንስ አልገለበጥሽውም። እሳቸውን ፈርቼ ሕጉን ባጥፈው ነገ ለማንም የማይጸና ሕግ ይሆናል ብዬ ነው። ይሄ የትዕቢቴ መልስ ነው። እውነቱ ግን ልቧ የተሰበረ ሴት ግልባጭ መያዝ አይታያትም።

«አስተያየት ሳይጽፉ አይመለስም» አልኩ።

«እጽፋለሁ እንጂ።»

ሲወጡ ወንበሩን ከሥሬ ሊመልሱ ፈልገው፣ አሁንም ተቀምጬበት ስላዩኝ ተዉት። 

*

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ሰሞኑ ቃሪያ ተጠብሶ ለክረምት የሚቀመጥበት በመሆኑ የሰው ሁሉ ልብስ ጢስ ጢስ ይሸታል። አቶ ቫርባን ከፊት ተቀምጠዋል። መጽሐፉን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ፤ ገለበጥኩት። አሮጌው ወረቀት የለም። ጠርዙ በምላጭ ተቆርጧል፤ ስልሳ አራት ቁጥርም፣ ምሳ የናፈቀው መቶ ሠላሳም አብረው ሄደዋል። በቦታው ነጭ ወረቀት ተለጥፎ አንድ መስመር ተጽፎበታል፦

«ልብ ወለድ ነው። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።»

ከዚያ ተነሥተው ተናገሩ። ደራሲው ጎበዝ ነው አሉ። ነገር ግን አንባቢ የፈጠራ ጽሑፍን ከጎረቤቱ ጋር ማምታታት የለበትም፣ እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ከተማ ስለሌለ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ሰው ልክ ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። እትዬ ስቶይና ብቻ ጣታቸው ላይ የረሱትን የስፌት ቀለበት እያዞሩ ወለሉን ያዩ ነበር።

«ሌላ አስተያየት ያለው?» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

ከኋላ፣ ምድጃው ዘንድ፣ አንድ እጅ ወጣ። ሲገባ አላየሁትም ነበር። ያላየሁት እንዳላየው ስለፈለግሁ ነው።

በስብሰባም ልማዳችን ያው ነው፤ መጀመሪያ ቁጥር ይጠራል። «ቁጥር?» አልኩት፤ ዓይኑን ሳላይ።

«ቁጥር የለኝም» አለ። «ካርዱ የአባቴ ነው። እኔ ስቪለን እባላለሁ።»



«እኔ ደራሲው ሦስተኛው ምስክር ላይ ተሳስቷል እላለሁ» አለ ስቪለን። «ማንበብ የማይችል ሰው አድርጎታል። ማንበብ የማይችል ሰው ቢታለል እናዝንለታለን። እኔ የማውቀው ሦስተኛ ምስክር ግን አምስት ዓመት ሕግ የተማረ ነው። መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን አባቱ ‹ና እዚህ ፈርም፣ አንድ ሰው ጎድሎናል› አለው። ከጋሽ ፀኮ ስም ሥር ፈረመ። ኮቱን እየለበሰ፣ ቆሞ። የንባብ ቤቱ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። መጽሐፍ ሊመልስ ይቸኩል ነበር።»

ያን ቀን አስታወስኩት። እያለከለከ ገብቶ «ደረስኩ» ያለኝን። እየሳቅሁ «ማን አሳደደህ?» ያልኩትን። የአያቴ መሬት የሄደው እኔን ሊያይ በቸኮለባት ደቂቃ ውስጥ ነበር።

«ምን ላይ እንደፈረመ ያወቀው ባለፈው ሰኞ ነው» አለ። «አንዲት ልጅ ዛፎቼ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ ስትለው።»

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉ አቶ ቫርባን፤ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። «አሞሃል።»

«ስፈርም ቆሜ ነበር አባዬ። ይሄንንም ቆሜ ልጨርሰው።»

«እንዲህ ያለ ቃል በጽሑፍ የሰጠ ጠበቃ ዳግመኛ ችሎት ፊት አይቆምም። ከቆመም በተከሳሽ በኩል ነው። ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ያስጠናኸኝ አንተ ነህ።»

 ከዚያ ከመካከለኛው ረድፍ ደካማ ድምፅ መጣ።

«ቁጥር ስልሳ አራት» አሉ እትዬ ስቶይና። የሚኖሩት በአቶ ቫርባን ቤት ኪራይ፣ በልብስ ስፌቱ ሱቅ ኋላ ባለች አንዲት ክፍል ነው። «ሁለተኛዋ ምስክር እኔ ነኝ። ጣሪያዬን ላለማጣት ነው።»  ከጎናቸው የነበረችው ሴትዮ እጃቸውን ያዘች።

አቶ ቫርባን ተነሥተው ኮፍያቸውን አደረጉ። የተቀመጡበትን ወንበር ወደ ቦታው መለሱ፤ በጥንቃቄ፣ ከሌሎቹ ጋር አስተካክለው። በአጠገቤ ሲያልፉ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «መጋዙ ማክሰኞ ጠዋት ይመጣል» አሉ። «የሰው አፍ ዛፍ አያቆምም፣ የኔ ልጅ።»

ለስላሳው ድምፃቸው ከወጡ በኋላም ጆሮዬ ውስጥ ቆየ።

*

ሰው ሁሉ ሲወጣ እኛ ሁለታችን፣ ምድጃውና ባዶ ወንበሮቹ ቀረን።

«አባትህ ልክ ናቸው» አልኩ። «በአፍ የተነገረ ነገር ነገ አልተባለም ይባላል።»

«ወረቀት ስጪኝ።»

ከመሳቢያዬ ያለኝ የአስተያየት ወረቀት ብቻ ነበር። ሰጠሁት። ተቀምጦ ጻፈ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የነጋዴውን ስም፣ የጋሽ ፀኮን፣ የእትዬ ስቶይናን፣ የራሱን። በለቀማ ፊደል አልነበረም። የእጁን ጽሑፍ ያን ጊዜ አየሁት፤ ወደ ግራ የሚያዘነብል፣ የሚቸኩል ጽሑፍ ነው። ሁለት ዓመት ወድጄው አላውቀውም ነበር።

«ያቺን ስለ ትዕቢተኛዋ ጀግና የተጻፈችውን» አልኩ። «አባትህ የኔ ናት አሉኝ።»

ብዕሩን አነሣ። «የሱ ናት። መጽሐፉን ደግሞ አስወስዶ መልስሽን አየና ልመልስለት ሲሰጠኝ፣ መንገድ ላይ እኔም አነበብኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርዱን አልመለስኩለትም።»

መሳቅ ፈለግሁ። የመጣው ሌላ ነገር ነበር፤ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ።

«ፖስታውስ?»

«ይሄው ነበር ያለበት። እንኳን መለስሽልኝ። ለአንቺ ብቻ ተናግሬ ልገላገል ነበር።»

የምድጃው በር ገርበብ ብሏል። ወረቀቷ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነች አየሁ። ሠላሳ አንድ ዛፍ። አባቴ ለገና ሲመጣ፣ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ በቀጥታ የሚሄደው ወደ እነሱ ነው፤ እየዞረ አንድ በአንድ ይነካቸዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ይሄ ሰው፣ አጎንብሶ የሚጽፍ፣ ማጅራቱ ላይ ፀጉሩ የተጠቀለለ። እሳቱን ማየቴን አየ።

«እንዳታደርጊው» አለኝ።

«ማን ጠየቀህ?»

«ዓይንሽ።»

«ዓይኔ ካንተ ጋር ተኳርፏል። አታነጋግረው።»

ለአፍታ እንደ ዱሮው ሆንን፤ ለአፍታ ብቻ። ከዚያ ጨረሰ፤ ከታች፣ በልማድ፣ «ቁጥር» ብሎ ጀመረ።

«አይሆንም» አልኩት። «ቁጥር የቤት ነው። ስምህን ጻፍ።»

ሠርዞ እንደገና ጀመረ። ስቪለን። የአባቱ ስም ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ውጭ አንድ ጀልባ በጭጋጉ ውስጥ ጥሩንባውን ሲነፋ ሰማን፤ ስሙን እስኪጽፍ ስቪለንን ጠበቅሁት፣ አልረዳሁትም። ሊረዱት የማይቻል ነገር ነው። ቫርባኖቭ። ከዚያ የአያቱን ስም። ፈረመ።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ዓቃቤ ሕግ ዘንድ የምወስዳት እኔ ነኝ። የንባብ ቤቱን ማኅተም ከመሳቢያ አወጣሁ፤ ቀኑን አስተካከልኩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በስሙ የተፈረመ አንዲት ደብዳቤ ስመኝ ኖሬያለሁ። ይኸው ደረሰችኝ፤ እሱን ራሱን ከእኔ ልትወስደው። ማኅተሙን መታሁባት። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልኩባት።